እግሯን ያሰርኳት ባለጉትያ

ማዳም ዶሮ የማብዛት ሐሳብ የመጣላት ከእህቷ ቤት ስትመለስ ነው። እህቷ ግቢ ውስጥ ነጭ፣ ጥቁርና ገብስማ ዶሮዎች አንድ ላይ ሲዞሩ አይታ ቀናች። እኛ ሐውሽ ውስጥ፣ ማለት ከቤቱ ጀርባ ባለው ጓሮ፣ የነበሩት አራት የአገሬው ዶሮዎች ብቻ ናቸው። በለዲ ይሏቸዋል። ቀጫጭን ናቸው፣ እግራቸው ረዥም፣ ዓይናቸው የማያርፍ። ባለቤታቸው የማዳም እናት ነበሩ፤ እኔ ማማ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ደፍ ላይ ተቀምጠው ለእነሱ ሩዝ ሲበትኑ ካልሆነ በቀር ማማ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

የምሠራበት ቤት ጅዳ፣ በግዳዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። በቤት ሠራተኝነት ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ዓመት ላይ ድካም ሲተኙ የሚለቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከእኔ ጋር ተኝቶ ከእኔ ጋር የሚነሳ ሆነ።

በዚያ ሰሞን የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ለትልልቅ ሴቶች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩበት ቤት አለ። ከጎረቤት የምትሠራው የወሎ ልጅ ልትገባ ነው። እኔ አገሬ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። የዓረብኛውን ፊደል በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ አውቄዋለሁ፤ ድምፁን አወጣለሁ፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን፣ የሱቁን ታፔላ፣ ጋዜጣውን አጥርቼ አነባለሁ፤ አንድም አይገባኝም። አንብቤ አለመረዳቴ ጨርሶ ካለማንበብ ይልቅ ያሳፍረኝ ነበር። ለመመዝገብ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይጠየቃል። ኢቃማዬ ደግሞ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው።

«አንቺ የገጠር ልጅ ነሽ፣ ዶሮ ታውቂያለሽ» አለችኝ ማዳም። «ከእነዚህ ጋር የሚስማሙ ምረጪልኝ። እህቴ በሁለት ሳምንት ትመጣለች። እስከዚያ በሰላም ከዋሉ ኢቃማሽን እሰጥሽና ትመዘገቢያለሽ።»

ምዝገባው የሚዘጋውም ያኔ ነበር።

ባሏ በመካ መንገድ ባሕራ ከተማ ወዳለ የዶሮ ሱቅ ወሰደን። ሱቁ ውስጥ የሽቦ ቤቶች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። ሥራዬን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። በለዲ ኃይለኛ ነው፤ ትንሽና ድንጉጥ ዶሮ አጠገቡ አይበረክትም። ስለዚህ ከበድ ያሉ፣ ሲነኳቸው የማይንጫጩ ሦስት ቡናማ እንቁላል ጣዮች አስወጣሁ። አንድ በአንድ አንስቼ ደረታቸውን ዳበስኩ፣ ክንፋቸው ሥር ቅማል ፈለግሁ፣ ዓይናቸው እንዳያለቅስ አየሁ።

«እነዚህ እኮ ካርቶን ነው የሚመስሉት!» አለች ማዳም። ጣቷ ወደ ላይኛው ሽቦ ሄደ። እዚያ ሁለት ነጫጭ ባለጉትያዎች አሉ፤ የራሳቸው ላባ እንደ አበባ ፈክቶ እስከ መንቁራቸው ወርዷል።

ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር። «ላባው ዓይናቸውን ይጋርዳል፤ ለብቻቸው ቢሆኑ ይሻላል» አለ።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትያለሽ?»

አገሬ ያሉት ባለጉትያዎች ትዝ አሉኝ። የእነሱ ጉትያ አጭር ነው፣ ማንንም አይፈሩም። ደግሞም የማዳም ፊት እንደዚያ ሲበራ ብዙ ጊዜ አይቼ አላውቅም። «ኢንሻአላህ ይስማማሉ» አልኩ።

በእኛ አገር ከገበያ የመጣች ዶሮ ወዲያው አትለቀቅም። አንድ እግሯ በገመድ ታስሮ ሦስት አራት ቀን ከምሰሶ ሥር ትቆያለች። ቤቱን ትለምዳለች፣ ስትፈታ አትጠፋም። እናቴ ስታደርግ ያየሁት ይህንን ነው። አምስቱንም በሲባጎ ከጥላው ምሰሶዎች ጋር አሰርኳቸው። ሐውሹ በአራቱም በኩል ግንብ ነው፤ ዶሮ ወዴት ትጠፋለች? ራሴን አልጠየቅሁም።

ማማ ከደፉ ላይ ሆነው፣ «ምን አድርገው ነው የሚታሰሩት?» አሉኝ። የአገሬ ልማድ ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ያቺ ከጎረቤት የምትሠራው የወሎ ልጅ ከሰገነታቸው ላይ ልብስ ስታሰጣ አየችኝ። «አንቺዬ፣ ለዶሮም እንደ አሠሪዎቻችን ካፊል ሆንሽባት?»

«ቤት እስኪለምዱ ነው።»

«እኛ ሦስት ዓመት ለምደን ማን ፈታን?»

«ያላ፣ ልብስሽን አስጪ!»

ሳቋን ይዛ ወረደች።

ቡናማዎቹን በለዲዎቹ አንዴ ሁለቴ ነቆሯቸውና ተዉአቸው። እነሱም ተጋድመው ከማየት በቀር ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልብስ እየተኮስኩ ሳለሁ ክንፍ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ጩኸት የለም፣ ክንፍ ብቻ። ስወጣ አንደኛዋ ባለጉትያ ሲባጎውን ምሰሶው ላይ ጠምጥማ ጨርሳ በአንድ እግሯ ቆማለች። ሁለት በለዲዎች ጭንቅላቷ ላይ ናቸው። ከየት እንደሚመጡባት አታይም፤ ብታይም መሸሻ የላትም። ነጩ ላባ ቀልቷል። አባርሬ፣ ሲባጎውን በጥሼ አቀፍኳት።

ትክክለኛውን አያያዝ በኋላ ነው ያነበብኩት። አዲስ ዶሮ በሽቦ ተለይቶ፣ ከነባሮቹ ጋር እየተያየ ሳምንት ያህል ይቆያል። ዓይኑን ላባ የሚጋርደው ከጭምቶች ጋር እንጂ ከኃይለኛ ጋር አይገባም።

ማዳም ወጣች። ፀሐይ ስለማትወድ አዲሶቹ ከመጡ ወዲህ ሐውሹን አላየችውም ነበር። ደሙን አየች፣ ከዚያ በለዲዎቹን፤ ጥላው ሥር የተጋደሙት የሌሎቹ ሲባጎ ዓይኗ አልገባም።

«አውሬዎች! ኸላስ፣ ነገ ይታረዱ። እህቴ እነዚህን እንድታይ አልፈልግም።» ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን አለሳለሰች። «አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። ነይ፣ ኢቃማሽን ውሰጂ።»

ሲባጎው መዳፌ ውስጥ ነው። ማማ ደፉ ላይ ናቸው። የባለጉትያዋን መታሰር በዓይናቸው አይተዋል፣ አንዲት ቃል ቢናገሩ ዶሮዎቻቸው ይተርፋሉ። አልተናገሩም። የተጨበጠውን እጄን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን። ለምን ዝም እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ደክሞኝ ነበር። ይህንን ነገር ተሸክሜ በየቀኑ እኚህን ሴትዮ ማየት ሌላ ሥራ ሆኖ ታየኝ።

«ማዳም፣ እግሯን ያሰርኳት እኔ ነኝ» አልኩና መዳፌን ከፈትኩ። «ባላስራት ትሸሽ ነበር። ሻጩም ለብቻ ይሁኑ ብሎ ነበር።»

ሲባጎውን አየችው። «ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?» አለች። ከዚያ ወደ በለዲዎቹ ዞረች። «እንግዲያ ይቀመጡ። ትምህርቱ ግን ይቆይ። አምስት ዶሮ መጠበቅ አቅቶሽ ደግሞ ደብተር!»

በለዲዎቹ አልታረዱም። ባለጉትያዎቹን በሽቦ ከለልኩላቸው። ቁስሏን በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ዓይኗ ላይ የወረደውን ላባ በመቀስ ከረከምኩ። ቡናማዎቹን ፈትቼ ከበለዲዎቹ ጋር ለቀቅኳቸው፤ ተስማሙ። የማዳም እህት መጣች፣ ካርቶኖቹን አደነቀች፣ ሻይ ጠጥታ ሄደች። እኔ ትምህርት የገባሁት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ መካ ሌላ ቤት ተቀጥሬ ነው።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ የወሎዋ ልጅ በሩን አንኳኳች።

«ተነሺ እንጂ! ዓባያሽስ?»

«ኢቃማውን አልተቀበልኩም።»

«ለምን?»

ነገርኳት። አፏን በሻርፗ ያዘች። «ወላሂ ቂል ነሽ! ለአራት ከሲታ ዶሮ?»

«ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

«ቦታ ይዤልሽ ነበር እኮ» አለች፣ አሁን ሳትስቅ።

እስከ ጥጉ ድረስ አየኋት። ደብተሯን ዓባያዋ ሥር አቅፋው ስለነበር የምትሄደው አንድ ክንዷን ሳታወዛውዝ ነው። ከዚያ በሩን ዘጋሁት።