ዳልጮ ጭቃ የረገጠለት ክፍል

ዳልጮ ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ዶርዜ ተወልዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በኪራይ ቤት ሸማ እየሠራ ሦስት ልጆች ያሳድጋል፤ ግን በቤተ ክርስቲያን እንኳ «ወንድም ዳልጮ፣ ጸልይልን» ሲሉት ተራውን ለጎኑ ሰው ያሳልፋል። ፊደልም ብዙ አያውቅም። ስሙን መጻፍ ያስተማረችው ትንሿ ልጁ አቢጋኤል ናት፤ እሷም ገና ሁለተኛ ክፍል ናት።

የአቢጋኤል ክፍል ዛፍ ሥር ነበር። ተማሪ በዛ፣ ክፍል ጠፋ፣ በጀት የለም ተባለ። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ደብተራቸውን ልብሳቸው ውስጥ ከትተው ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። በመጨረሻ ወላጆች ለሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ክፍል እንሥራ ብለው ተነሡ። ያለው ቆርቆሮ ገዛ፣ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። ዳልጮ ከሌላቸው ወገን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸማውን ትቶ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሲረግጥ፣ ግድግዳ ሲለጥፍ ከረመ። እግሩ ቆሳሰለ። ለማንም አይናገር እንጂ፣ በስተፀሐይ መውጫ ያለውን ግድግዳ በልቡ «የኔ» ነበር የሚለው።

ክፍሉ እንዳለቀ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ወረቀት ዞረ።

«ስምና ፊርማ፣ መገኘታችሁን ለማወቅ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ተክለወልድ።

ዳልጮ ሌላ ጊዜ ጣቱን ነበር የሚያትመው። ያን ቀን እስክሪብቶ ያዘ። ከጎኑ ያለው ሰውዬ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሸማ እየሠራህ ነው እንዴ?» እያለው፣ እሱ እያላበው ስሙን ጨረሰ። ስብሰባው ላይ የተወራው ስለ ዩኒፎርምና ስለ ማርፈድ ነው። ስለ ክፍሉ አንድም ቃል አልተነሣም።

ሰኞ ክፍሉ ተቆለፈ። ማክሰኞ መጋረጃ ተሰቀለበት። ረቡዕ የሚሽከረከር ወንበር ገባ። ከላይ ለቁጥጥር ለሚመጡ ሰዎች ቢሮ ሆነ አሉ፤ እነሱም የሚመጡት በወር አንዴ ነው። ልጆቹ እዚያው ዛፋቸው ሥር ቀሩ።

ሙዝ ነጋዴዋ አበቡ፣ ልጇ ከአቢጋኤል ጋር ነው የሚማረው፣ ዳልጮን እየጎተተች ዳይሬክተሩ ዘንድ ይዛው ገባች። ተክለወልድ ፋይል ገለጠ።

«እናንተው ተስማምታችሁ የወሰናችሁት ነው። ቃለ ጉባኤው ይኸው። ፊርማችሁም ከኋላው ተያይዟል።»

«እኛ የፈረምነው መምጣታችንን ነው!» አለች አበቡ።

«ፊርማ ፊርማ ነው፣ እትዬ።»

ዳልጮ አጎንብሶ አየ። አዎ፣ የሱ ስም ነው፤ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች የወረደ። በገዛ እጁ፣ በዚያ ሁሉ ላብ የጻፈው። ለልጁ የሠራውን በስሙ ቀሙት። ጣቱን ያተመ ጊዜ እንኳ እንዲህ ተንቆ አያውቅም። ትቷቸው ወጣ። ማታ አቢጋኤል «አባዬ፣ አዲሱ ክፍል መቼ ነው የምንገባው?» አለችው። «ፈርሜ ሰጠሁት» እንዴት ይበላት?

ከወር በኋላ ሌላ ስብሰባ ሆነ። አቶ በርናባስ የሚባሉ እንግዳ ከላይ መጥተዋል፤ ስብሰባው መደረጉን ለአለቆቻቸው የሚያሳዩት በወላጆች ፊርማ ነው። ወረቀቱ ከወላጅ ወላጅ እየዞረ ዳልጮ ጋ ደረሰ። ዳልጮ ወረቀቱን አጠፈና ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት።

«አቶ ዳልጮ፣ አሳልፈው እንጂ» አለ ተክለወልድ።

ዳልጮ መሬት መሬት ያያል።

«ሰውዬ፣ አልሰማህም? አንተ ሸማህ ላይ መወርወሪያህን ወርውር፣ የስብሰባ ሥርዓት ለኛ ተው!»

የሳቀም ነበር። ዳልጮ ግን ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም።

«አያልፍም» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነው የወጣው።

«ምን?»

«ባለፈው መጣሁ ብዬ ፈረምኩ። እናንተ ክፍሉን ሰጠ ብላችሁ ጻፋችሁ። እኔ አልሰጠሁም! ጭቃውን የረገጥኩት ለልጆቹ ነው። ካልተከፈተ አያልፍም።»

«አበጀህ ወንድሜ!» ብላ አበቡ ተነሣች። «እንግዳው ባዶ እጃቸውን ይመለሷ! ወይስ እሱን አንሥታችሁ ወረቀቱን ልትወስዱ ነው?»

ከኋላም «ይከፈት! ይከፈት!» የሚል ድምፅ ተነሣ። አቶ በርናባስ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ።

«ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«ጌታዬ፣ ቃለ ጉባኤ አለ...»

«ቃለ ጉባኤህን አልጠየቅኩህም። ቁልፉን አምጣ።»

ወላጅ ሁሉ ተከትሎ ሄደ፤ ዳልጮም ወረቀቱን እንደያዘ። ተክለወልድ ከፈተ፤ ጠረጴዛውንና ወንበሩን ወላጆች ተጋግዘው አወጡ። መምህርቷ ልጆቹን ከዛፉ ሥር ጠራቻቸው። እየተጋፉ፣ እየጮኹ ገቡ። አቢጋኤል ወደ አባቷ እጇን አውለበለበች።

«ይኸው ገቡ» አሉ አቶ በርናባስ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «አሁን ወረቀቱን ስጠኝ።»

ዳልጮ ወደ ውስጥ አየ። ስድሳ የሚሆን ልጅ በባዶው ወለል ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ወረቀቱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ዴስኩስ?» አለ።