የጎይቶም ሰማያዊ ሳህን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ስንት ጊዜ ሌላ ኃጢአት ፈልጌ ነግሬያቸው ተነሥቻለሁ። አንድ ጊዜማ «ዓርብ ቀን ቺዝበርገር በላሁ» ብዬ ስንሰቀሰቅ፣ ጨንቋቸው ውኃ አስመጡልኝ። እንባው የቺዝበርገሩ እንዳልነበረ እርስዎ አንባቢዬ የመጀመሪያው ሰሚ ነዎት። አጥሩን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ልጀምርና ወደ ኋላ ልመለስ፤ ከሌላ ቦታ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ቀልጄ አመልጣለሁ።

ጎይቶም የአስመራ ልጅ ነበር። አማርኛን ትምህርት ቤት ተምሮ ከእኔ አሳምሮ ይጽፋል። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ እንኖር ነበር። እኔ ሆቴል ሳህን አጥባለሁ፤ እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ወታደራዊ ግቢ ቢሮ ያጸዳል። ታናሽ ወንድሙ ተስፋይ ሱዳን፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር። ጎይቶም የሚሠራውም፣ የሚያስበውም፣ የሚጸልየውም ተስፋይን ለማምጣት ነው።

በዚያ ወታደራዊ ግቢ ውስጥ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አለ። ለማያውቀው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ሳህን የምታክል ፕላስቲክ ከሩቅ ይወረውሩና ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ለመክተት ይሞክራሉ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ሳጥብ ከርሜ፣ ቅዳሜ ሳህን ስወረውር ይታየዎት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ሆዴ ቀድሞኝ የሚደርስ፣ መላጣዬ ከሳህኑ ይልቅ የሚያበራ። የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ላይ ሲገናኙ አሸናፊውን «ጌታዬ» ማለት ነበረበት። ጌታዬ ያላልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ሜዳው ለማንም ክፍት አልነበረም። ሠራተኛ የሚያስገባው የሥጋ ዘመዱን ብቻ ነው፤ ያውም አብሮት እየሄደ። ጎይቶም የመጀመሪያው ቀን ቅጹ ላይ «ወንድሜ» ብሎ ጻፈኝ። የበሩ ወታደር የሁለታችንንም መታወቂያ አገላበጠ።

«የአባት ስማችሁ ለምን ይለያያል?»

ጎይቶም ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ «በእኛ አገር ወንድማማች አንድ የአባት ስም አይዝም። ነውር ነው» አለው።

ወታደሩ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እናታችን ግን እሱን ታበልጣለች» አልኩት።

ስቆ የእንግዳ ካርድ ሰጠኝ። እስከ ሦስተኛው ቅርጫት ድረስ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ጎይቶም ቆም አለና፣ «ሳቅ አንተ! ተስፋይ ሲመጣ ምን ብዬ ላስገባው ነው?» አለኝ።

«የአክስቴ ልጅ በለው። ወንድምነቱን እኔ ቀድሜ ተመዝግቤበታለሁ።»

እንዲህ ብዬ ቀለድኩ። በዚች አፌ።

ሰባተኛው ቅርጫት አጥር ጥግ ነው። ከአጥሩ ወዲያ መግባት ክልክል መሆኑን የሚናገር ቀይ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጎይቶም ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ ጣቱን ይቀስርብኝ ነበር። «ስማ፣ ሳህኑ ከዚህ ካለፈ ፍትሐት አድርስለትና ተመለስ። እንዳትከተለው። እንጀራዬ ነው።» እንጀራዬ ነው ብሎኛል። አልሰማሁም ልል አልችልም።

በፈረንጅ ዘጠና ስምንት፣ በረዶው ሟሙቶ ሣሩ ብቅ ባለበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጎይቶም የሰው ዕቃ ሊያጓጉዝ ኤደን ፕሬሪ ሄደ። ሰማያዊ ሳህኑ እኔ ዘንድ ነበረች። ተጫዋች ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ብትጠፋ ያገኛት ሰው እንዲደውልለት ጀርባዋ ላይ ስሙንና ስልኩን ጽፎባታል። የእንግዳ ካርዱም ኪሴ ውስጥ ነበር። ስወጣ መመለስ ነበረብኝ፤ ረስቼው ነው ልል አስቤ ነበር። አልረሳሁትም። ብቻዬን ተለማምጄ አንድ ቀን ጌታዬ ላሰኘው አስቀርቼው ነው። ለዚህ ነው አንድ ሽማግሌ የሰው ቤት ያፈረሰው፤ ደረጃ ላይ ጌታዬ ለመባል።

ወታደሩ ለምዶኛልና፣ «ወንድምህስ?» አለኝ። «መኪና እያቆመ ነው» ብዬ ገባሁ።

ሰባተኛው ላይ ወረወርኩ። ሳህኗ ዞረች፣ አጥሩን አለፈች። ፍትሐት ማድረስ ነበረብኝ። አጥሩን ዘለልኩ። ማለት፣ መዝለል ይባል እንደሆነ እንጃ፤ ሱሪዬ ሽቦው ላይ ቀርቶ እኔ ወዲያ ወደቅኩ። ሳህኗ ጋ ሳልደርስ የመኪና ድምፅና ጩኸት ሰማሁ። መልሼ ዘለልኩና ሮጥኩ። ሳህኗን እዚያው ትቼ፣ በተቀደደ ሱሪ፣ ለበሩ ወታደር እጄን አውለብልቤ ወጣሁ። በዚያ ቀን ስሜ የትም አልቀረም። የቀረው የጎይቶም ስም ነበር፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ፣ ከነስልኩ።

ሰኞ ቀን የጎይቶም አለቃ ለተስፋይ ጉዳይ «እዚህ ይሠራል» የሚል ደብዳቤ ሊፈርሙለት ቀጥረውት ነበር። ሲገባ ሳህኗ ጠረጴዛቸው ላይ ጠበቀችው። እየሮጠ መጥቶ ቤቴን አንኳኳ።

«ሰማያዊዋ ሳህኔ አንተ ጋ አልነበረችም እንዴ?»

«መኪናህ ውስጥ ጣልኩልህ እኮ፣ የኋላ ወንበር ላይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጎይቶም! ውሸታም ነህ እያልከኝ ነው?»

ተቆጣሁ። እግዜር ያሳይዎት፣ ተቆጣሁ! እሱም አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ወንድሜ፤ ጭንቀት ነው» ብሎኝ ወረደ። ከሁለታችን ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።

በማግስቱ ማንን እንደሚያስገባ ጠየቁት። «ወንድሜ ይህን አያደርግም፤ ሳህኗ ጠፍታብኝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። የበሩም ወታደር ብቻዬን ስላስገባኝ ለራሱ ፈርቶ አላየሁም አለ። የጎይቶምን ባጅ ተቀብለው ከሥራ አሰናበቱት። ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። ሌላ ሥራ አግኝቶ የተስፋይን ጉዳይ እንደገና እስኪያስጀምር፣ ተስፋይ ተስፋ ቆርጦ ከካምፑ ወጣ። በሊቢያ በኩል ሄደ አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

መናገር እችል ነበር? እችል ነበር። ማክሰኞ ብናገር ባጁ ይመለስ ነበር ይሆን? አላውቅም፤ አለማወቄም የራሴ ሥራ ነው። በወሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ጦርነት ተነሣ። ትናንት አብረው ይበሉ የነበሩ ሰዎች ገበያ ውስጥ ፊት መዟዟር ጀመሩ። እኔም የጎይቶምን ዓይን ማየት አቅቶኝ በኋላ ደረጃ መውጣት ጀምሬ ነበር፤ ቀጥዬም ቤት ለቅቄ ሮዝቪል ገባሁ። ሰው «እነሱም በጦርነቱ ተኳረፉ» አለ። አይደለም አላልኩም። ጦርነቱ ለስንቱ እሳት ሲሆን ለእኔ መጋረጃ ሆነልኝ።

ጎይቶም ባለፈው ጥቅምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ሳለ ልጁ ሳባ አወቀችኝ። እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ በእንግሊዝኛ ነው ያናገረችኝ።

«አንክል፣ አባዬ እስኪሞት ድረስ ‘ኤርትራዊ ስለሆንኩ ተወኝ’ ይል ነበር። እውነት ነው?»

ይኸው፣ ተጠየቅኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። አፌ ተከፈተ፤ ምን እንደወጣ ይስሙ። «ጊዜው ነው፣ ልጄ። ጊዜው ከፋ» አልኳት። አቀፈችኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ እርስዎን አልበደልኩም። የበደልኩት ሰው ቀድሞኝ ይቅርታ ጠይቆ ሄዷል። ለሳባ ደውዬ ልንገራት ብዬ ስልኳን ተቀብያለሁ፤ ይኸው የበረዶው ክረምት አለቀ፣ አልደወልኩም፤ እንደማልደውልም አውቀዋለሁ። ጎይቶም ሁለት ወንድም ነበረው። አንዱ በረሃ ገብቶ ቀረ፤ ሌላው ሮዝቪል ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ይጽፋል። ቅጹ ላይ የተመዘገበው የሮዝቪሉ ነው።