ማራዘም ይቻላል?

ባሌ ሐዱሽ በሕይወቱ ፓስፖርት ይዞ አያውቅም። አውሮፕላንን የሚያውቀው ከሥር ሆኖ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ስለነበረ አንዱ ተነሥቶ በላያችን ሲያልፍ ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል፤ የጀመርነውን ወሬ አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። እንግዲህ የሰፈሩ የቪዛ ሊቅ ይህ ሰው ነበር። ሐዱሽ ቪዛ ይሉታል፤ የሰፈሩ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የነፍስ አባታችንም ጭምር።

ነገሩ የመጣው ከሥራው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። የአንድ ጎረቤታችንን ማመልከቻ በምሳ ሰዓቱ መታለት፤ ሰውየው ተፈቀደለት፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በራችን ዕረፍት አላገኘም። በዚያን ጊዜ የሚሄዱበት አገር ኤምባሲ የጥየቃ ቪዛ ቢሰጥም ከገዛ አገር ለመውጣት ሌላ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ለእሱ ደግሞ የጥሪ ደብዳቤ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ ዋስ። ተጓዡ በቀኑ ካልተመለሰ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሥራውን አጥቶ የታሰረ ዋስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐዱሽ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ዝም ብሎ አይመልስም፤ ይፈትናል። ወንበሩን ከጠረጴዛው ኋላ ያደርግና ፊቱን አጥቁሮ ሹም ይሆናል። «ለምን ይሄዳሉ? ማን ጠራዎት? መቼ ይመለሳሉ?» ሰውየው ከአያቱ ጀምሮ ሲተርክለት እጁን ያነሣል። «በቃ! የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።» ከዚያ ተራው የሰውየው ነው፤ ፎቶው ስንት ነው? የጥሪው ደብዳቤ ዋናው ነው ቅጂው? ቀኑ የሚቆጠረው ቪዛው ከተመታበት ነው ወይስ ከገባሁበት? እዚያ ትንሽ ሥራ ብሠራስ? ለሁሉም መልስ አለው። «በጥየቃ ቪዛ ሥራ አይሠራም፤ ሳህን እንኳ ቢያጥቡ ለሰው አይናገሩ» ይላል። ቀኑን ከእኛ ወደ ፈረንጅ በቃሉ ይገለብጣል። የማያውቀውን ጥያቄ ከሰማ ግን ያን ቀን እህል አይበላም፤ ኢሚግሬሽን በር ድረስ ሄዶ ተሰልፎ ጠይቆ ይመጣል። ሲበዛብኝ «የራስህን ጉዞ የምትጠይቀው መቼ ነው?» እለዋለሁ። «እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ እትዬ ፍረወይኒ መጡ። አጥራችን አንድ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ስገባ ጸጉሬን ሠርተው ለሐዱሽ የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዲት ልጃቸው አለም ሮም ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ የምትወልደው በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ነው ተብላለች። «ልጄ ስታምጥ ባዕድ እጇን አይይዛትም፤ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ሐዱሽ ፈተናቸው። «መቼ ይመለሳሉ?»

«እግዜር ሲፈቅድ።»

«እትዬ፣ እንደዚያ አይባልም! ቀን ይናገሩ።»

«እግዜር ካለ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት።»

«እግዜርን ይተዉት እኮ!»

«አንተ፣ እግዜርን ትቼ በሰማይ ላይ ልሂድ?» አሉና ተቆጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ለፍቶ ቀኑን ብቻ እንዲናገሩ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ዋስ ጠፋ። ዘመዶቻቸው ያሉት ትግራይ ነው፤ እዚህ ያሉትም ፈሩ። በዚያ ዘመን የእኛ ስም ብቻውን ጥያቄ ያስነሣ ነበር፤ ማን ለማን ይፈርማል? ሐዱሽ ሳያማክረኝ ፈረመ። ሲነግረኝ የያዝኩትን ሳፋ ወረወርኩት። «ሦስት ልጅ አለህ!» አልኩት። «ይመለሳሉ» አለ። «ባይመለሱስ?» «ይመለሳሉ አልኩሽ።» ሁለት ቀን አላናገርኩትም። እትዬን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ደግሞ ከፍቅሩ በለጠ። ይህን አልደብቅም።

ፓስፖርታቸው ላይ የመውጫውም የመግቢያውም ቪዛ ተመቶ መጣ። በረራው ለኅዳር ሃያ ሰባት፣ ልክ ሠላሳ ቀን። ሐዱሽ ደግሞ የማይመለሱ እንዳይመስል መሸኘት የሚባል ነገር ከልክሎ ነበር። የስንብት ድግስ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ሻንጣ ሁለት አይሆንም። እትዬም እሺ አሉ። ግን አውሮፕላን በጣም ይፈሩ ነበር። ያ ከላያችን የሚያልፈው ነገር ሆዱ ውስጥ ሊያስገባቸው ነው፤ ቢወድቅስ? ስለዚህ በነፍስ አባታቸው ፊት ተናዘዙ። ንስሐ ደግሞ ያስቀየሙትን ሰው ይቅርታ ካልጠየቁበት ሙሉ አይሆንም። ሊሳፈሩ አራት ቀን ሲቀራቸው ነጠላቸውን ለብሰው ከቤት ቤት ዞሩ። «በማውቀውም በማላውቀውም በድያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ።» ሰዉ ሁሉ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አላቸው። እኔም ብያለሁ። የወሰዱትን ወንፊት ለእኔ፣ የተዋሱትን ድስት ለባለሱቁ ለአብዱልሐሚድ ሚስት መለሱ።

በዚህ ቢቆሙ ጥሩ ነበር። ቀበሌ ሄደው ሊቀመንበሩን ጓድ መኩሪያንም ይቅርታ ጠየቁት። ከስድስት ዓመት በፊት በፍሳሽ ቦይ ተጣልተው ኖሮ፣ በሆዳቸው ረግመውታል። ሰውየው መረገሙንም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ሐዱሽ ተጠራ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። የእትዬ ፓስፖርት፣ ጓድ መኩሪያ አስመጥቶት፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ለአንድ ወር ጥየቃ የሚሄድ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል?» አለ መኩሪያ።

«አውሮፕላን ፈርተው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወንፊትስ? ዕቃ መልሳለች አሉ። የሚመለስ ሰው ወንፊት ይመልሳል?»

 ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሐዱሽ ምን ይበል? ይቅርታ ጠይቆ፣ ዕቃ መልሶ የሚሄድ ሰው አገር የሚለቅ ወይም የሚሞት ሰው ነው። የሐዱሽ ፈተና ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

«ዋስትናህን አንሣ፤ እኔም ደብዳቤዬን አነሣለሁ፣ እዚህ ላይ ይለቅ» አለው መኩሪያ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ከበላዩ የሚጠይቀው ነበረበት፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሐዱሽ ወደ ፓስፖርቱ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። «አላነሣም» አለ።

«እንግዲያው በየጠዋቱ በሁለት ሰዓት እዚህ መጥተህ ትፈርማለህ፤ ሴትዮዋ እስክትመለስ። ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ካለፈች የምፈርመው እኔ ነኝ፤ በመታሰሪያህ ወረቀት ላይ።» ሐዱሽ ፈርሞ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ወጣ። 

በጉዞው ዋዜማ፣ ገና በጊዜ፣ እትዬ ወደ ቤታችን ገቡ። የመጨረሻ ጥያቄ ነበራቸው። «ሐዱሽ፣ የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል። ቀኑ ቢያልፍብኝስ? ማራዘም ይቻላል?»

ይቻል ነበር። እዚያ ያለው ኤምባሲያችን የሐኪም ወረቀት አይቶ አንድ ወር የጨመረላቸውን ሁለት ሰዎች እናውቃለን፤ ማመልከቻቸውን የመታው ራሱ ሐዱሽ ነው። አፉን ሲከፍት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ወደ ጓዳ ጠራሁትና በሹክሹክታ «አይቻልም በላቸው» አልኩት። «ዘውዲ፣ ይቻላል እኮ።» «አንድ ቀን ከጨመሩ መኩሪያ ደብዳቤ እስኪመጣለት ይጠብቃል? ልጆችህን ተመልከት። አይቻልም በላቸው!» በጓዳው በር አሾልኮ ልጆቹን አየ። ከዚያ ወጣና «አይቻልም፣ እትዬ» አላቸው። በሕይወቱ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ያን ጊዜ ብቻ ሰምቻለሁ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እግዜር ያፋጥንላት» አሉ።

ሄዱ። ሠላሳውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው ብናገር አይገባችሁም። ሐዱሽ ጠዋት ፈርሞ፣ በውይይት ታክሲ ተጋፍቶ ሥራ ይገባል፤ ማታ ቤት መቀመጥ አይችልም። የገርጂን ማሳ ዳር ዳሩን ዞሮ ይመጣል፤ መጥቶ ደግሞ ይወጣል። አውሮፕላን በሰማ ቁጥር ጉርሻውን ይዞ ይነሣና ሰዓቱን ያያል፤ የሮሙ በዚያ ሰዓት እንደማይገባ እያወቀ። ጠያቂ ሲመጣ መልሱን ይጀምርና መሐል ላይ ይጠፋበታል። እኔም አላረፍኩም። ልብስ አጥቤ አስጥቼ፣ ያው ልብስ ሳይደርቅ አውርጄ ደግሜ አጥቤያለሁ። ገብርኤል አለፈ፤ ወለደች የሚል ወሬ አልመጣም። ለገብርኤል የተሳልኩት አለም ቶሎ እንድትወልድ ነው ብል ውሸት ነው። እትዬ እንዲመለሱ ነው የተሳልኩት።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ሁለታችንም ማረፊያው በር ላይ ነበርን። ሰው ወጣ፣ ወጣ፣ ሊያልቅ ሆነ። ሐዱሽ ክንዴን ጨምቆ ስለያዘው ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር። በመጨረሻ እትዬ ፍረወይኒ የማናውቀው ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ አንድ ሻንጣ ይዘው ብቅ አሉ። ሐዱሽ ሕዝብ መሐል አለቀሰ። እኔ እልል አልኩ፤ አፍራለሁ፣ ግን እልል አልኩ።

«ወንድ ነው ሴት?» አላቸው ሐዱሽ።

«አልወለደችም» አሉ። «ትናንት ትንሽ ትንሽ ምጥ ጀምሯት ነበር። ‹እማዬ፣ ሁለት ቀን ብቻ ቆይልኝ› አለችኝ። ሐዱሽ በየጠዋቱ እየፈረመልኝ ነው፣ አይቻልም ብሎኛል፣ አልኳት።» ይህን ሲሉ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ከቦርሳቸው አንድ ቆንጆ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡት። «እጅህ ደክሟል፤ ይህን ቀድሞ ብታገኝ በጥሩ ትፈርም ነበር» ብለው ቀለዱበት። ሐዱሽ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ቴሌግራም የመጣው በገና ዕለት ነው። ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደኅና። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ሰፈሩ ደስ አለው፤ ጓድ መኩሪያም ሳይቀር መጥቶ እንኳን ማርያም ማረቻት አለ። እትዬ እንግዳውን ሁሉ እያስተናገዱ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ያሹት ነበር፤ እኔ ብቻ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ሐዱሽ ቪዛ የሚባል ሰው የለም። ማመልከቻ አምጥተው «ስንት ፎቶ ነው?» ሲሉት «እኔ አላውቅም፤ ኢሚግሬሽን ጠይቁ» ይላል። እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጻፈበትም። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ እጣላዋለሁ፣ ይወጣልኛል። ዝምታውን ግን የት ላድርገው? የካቲት እስኪገባ ቻልኩ። ዐቢይ ጾም ሊገባ አካባቢ አንድ ጠዋት ነጠላዬን ለበስኩ፣ የመለሱልኝን ወንፊት እቤት ትቼ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የልጅቷን ፎቶግራፍ ፀሐይ ላይ ይመለከቱ ነበር። ጎንበስ ብዬ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ምነው፣ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«የትም አልሄድም» አልኳቸው። ከዚያም ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እግሩን መርገጤን፣ ጓዳውን፣ ማራዘም ይቻል እንደነበረ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሐዱሽ እንዳልነበረ።

ሳቃቸው ቆመ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁለታችንም እንደ ልማዳችን ጠበቅን። ይቅር ለእግዚአብሔር አላሉኝም። ፎቶግራፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ቀን ይሰጡኝ ነበር?»

«አንድ ወር» አልኳቸው።