ለልጆቹ የተቀቀለው አንጮቴ

ለልጆች ምሳ ብለን የቀቀልነውን አንጮቴ እንግዶች በሉት፤ ልጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። ይኼ በደል ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ተጽፎ ይቀመጥልኝ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ከነቀምት ወጣ ብሎ ያለው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጆችን ምሳ ያበላል፤ ሁልጊዜ ሩዝ ነው። ዘንድሮ ወላጆችን ሰብስበው፣ «የገዛ ጓሯችን ምርት በልጆች ሳህን ላይ የሚከበርበት ቀን ይኑረን፤ ያላችሁን አምጡ» አሉን። ደስ አለኝ። ያለኝን አንጮቴ ለዘር እንኳ ሳላስቀር ቆፍሬ አወጣሁት። አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ አፈሩን እያራገፈች፣

«አኮ፣ ትንሽ ለቤት አናስቀርም?» አለች። አያቷ ነኝና አኮ ትለኛለች።

«ነገ ከጓደኞችሽ ጋር ትበዪው የለ? ሆዳም» አልኳት። ሳቀች።

እኛ ሴቶች ከነልጣጩ ቀቅለን፣ ልጠን፣ በንጥር ቅቤ አሽተን አቀረብን። ከነቀምት መኪና ሙሉ እንግዳ መጣ። በኛ ዘንድ እንግዳ ሳይበላ ልጅ አይነካም፤ የእንግዳ ሳህን ሲጎድል ዝም ብሎ ማየትም ነውር ነው። እንዳደግንበት ጨመርንላቸው። «በቃን» ሲሉ «በሞቴ» አልን። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ስለ እርሻ ዘመሩ። አንዱ እንግዳ አፉን እየጠረገ ተነሳና፣ «ልጆቻችን በዚህ ምግብ ያድጋሉ» አለ። ተጨበጨበ።

ድስቱን ሳየው ባዶ ነው። ጎረቤቴን በክርኔ ነካ አድርጌ፣ «የልጆቹስ?» አልኳት።

«ዝም በይ እንጂ፤ እንግዳ ፊት ልታዋርጂን ነው?»

 ከሰው አፍ አላስጥል፣ ምን ላድርግ? ለልጆቹ እንደ ወትሮው ሩዝ ወጣ። የልጅ ልጄ ሳህኗን እንደያዘች ወደ እኔ ዞር አለች፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ርዕሰ መምህሩን በር ላይ ያዝኩት።

«ልጄ፣ ለልጆቹ ነው ብላችሁን አልነበር? አንድም ልጅ አልቀመሰም።»

ወንበር እያስነሳ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ በተጣላሁት። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣

«አኮ፣ አይዘኑ» አለኝ። «እነሱማ ቤታቸው ይበሉታል።»