ጠበል የነካው ቴምብር

ቻምብሊ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ስንኖር የግድግዳ ጎረቤታችን አንድ ህንዳዊ አዛውንት ነበሩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቴምብር ይሰበስባሉ፤ የፖስታ እንዳይመስላችሁ፣ ውልና አቤቱታ ላይ የሚለጠፈውን የቀረጥ ቴምብር። ህንድ በእንግሊዝ እጅ ሳለች በየግዛቱ ራጃ የሚባሉ ንጉሦች ነበሩ አሉኝ፤ እያንዳንዱ ራጃ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ቀረጥ፣ የራሱ ፊት ያለበት ቴምብር ነበረው። ቴምብር ያልተለጠፈበት አቤቱታ አይታይም። «ይሄማ የእኛም አገር ነው» ስላቸው ሳቁ።

ከሁሉም ግን አንዷን ወረቀት ለብቻዋ ነበር የሚያስቀምጧት። እናታቸው በልጅነት ባል ሞተባቸው፤ የባል ወንድሞች ጨቅላውን ነጥቀው እናትየዋን አባረሩ። ጨቅላው እኚሁ ጎረቤታችን ናቸው። እናትየዋ ልጄን መልሱልኝ ብለው ለራጃው ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ መጻፍ ስለማይችሉ ቴምብሩ ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። ፍርድ ሳይሰጥ የራጃው ግዛት ከአዲሲቱ ህንድ ጋር ተቀላቀለ። አዲሱ መሥሪያ ቤት «ይሄ የድሮው ጉዳይ ነው» ብሎ ወረቀቷን መለሰላቸው፤ የድሮው ደግሞ ተዘግቷል። ሴትዮዋ ደጅ ሲጠኑ ሞቱ። ጎረቤታችን የእናታቸው ፎቶ እንኳ የላቸውም፤ የቀረችው ያቺ አሻራ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ባዶውን ወንበር እያሳዩ «ከሰዓት በኋላ ትመጣለች» አሉኝ። «እዚያ ትቀመጥና ጉዳዬ ታየ ወይ ትለኛለች።» ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ መጥቼ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ይናገራሉ። ዝምታው ነበር የሚያስፈራኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። የእኔ እናት ደግሞ መንፈስ የሚባል ነገር ከሰማች መቀመጫ የላትም። «ምስኪን፣ ብቻቸውን አግኝቶ እየተጫወተባቸው ነው» አለችና በማግስቱ የጠበል ጠርሙሷን ይዛ ከተፍ። ቤትዎን ልትባርክ ነው ብዬ አስተረጎምኩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው እጃቸውን አጋጥመው ቆሙ። ጥጋጥጉን ረጨች፣ ወንበሩን ረጨች፣ ወረቀቷ የተዘረጋችበትን ጠረጴዛ ረጨች።

ለካ የቀረጥ ቴምብር ቀለም ሆን ተብሎ ውሃ እንዳይችል ተደርጎ ነው የሚታተመው፤ ሰው አጥቦ መልሶ እንዳይለጥፈው። የራጃው ፊት ወይን ጠጅ ሆኖ ፈሰሰ፣ አሻራውም አብሮት ሄደ። በናፕኪን ላደርቀው ብሞክር ባሰበት።

እናቴ አላስተዋለችም። «አይዞዎት ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አትመጣም በይልኝ» አለችኝ። ምን አለች ብለው ደጋግመው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

እርጥቡን ወረቀት ትተው ወንበሩን አዩ።

«እንድትሄድ መቼ ፈለግኩ?» አሉ። «እናቴ ናት እኮ።»