ቡድናችን በሽማግሌ የተጠየቀ ጊዜ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ኩታቸውን አጣፍተው ከትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደጃፍ ቆሙ። ከኋላቸው በከተማዋ መደብር የከፈተው የአረቄ ኩባንያ ወኪል ጆንያ ይዞ ይከተል ነበር። ዲሬክተሩ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢላቸው "ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። እኔ ከዲሬክተሩ ጋር ተቀምጬ ነበርና፣ ልጅ ሊያጩ የመጡ መስሎኝ ልወጣ ስነሣ አንደኛው ሽማግሌ፣ የደብሩ ቄስ፣ በእጃቸው አገዱኝ።

"ቆዪ ልጄ፣ ጉዳዩ ያንቺም ነው።"

ሊጠይቁ የመጡት የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን ነበር።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለአገልግሎት ወደ እስቴ ልኮኝ አስተምር ነበር። ትንሿ ከተማችን ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ትርቃለች። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ዲሬክተሩ የቡድኑ ኃላፊ ያደረገኝ እምቢ ማለት እንደማልችል ስላየ ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ልጆቹ ግን ጎበዞች ነበሩ፤ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ላይ ከአውራጃው ትምህርት ቤቶች ጋር ሊጫወቱ ተዘጋጅተዋል።

ወኪሉ ማልያና ጫማ ይሰጣል፤ ልጆቹን እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪናው ያደርሳል። በምትኩ የአረቄው ስም ደረታቸው ላይ ይሆናል፤ ፎቶግራፍም ይነሣሉ፤ ፎቶግራፉ በየመደብሩ ይሰቀላል። አዲስ አበባ ሳለሁ የፋብሪካ ስም የለበሱ ቡድኖች አይቻለሁ። ፋብሪካው ቡድኑን እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ ግን አስቤው አላውቅም። ይኸኛው ወኪል የአገሩን ወግ አጥንቷል፤ ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስ ነውር መሆኑን ያውቃል።

ያው ወግ ግን ሌላም ነገር ይላል። የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። "ከዘመድ ልምከር" ብሎ ይቀጥራል፤ እስከዚያው ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ ያጣራል። ዲሬክተራችን ከጆንያው የወጣውን ማልያ ሲያይ ምክሩንም ቀጠሮውንም ረሳው።

"ሰጥተናል" አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደንግጠው ተያዩ። ከዚያ ተቀመጡ። ወኪሉም ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አንዲት ነገር ብቻ። ያ በረኛ፣ የፋቂው ልጅ፣ ይቅርልን። እሱ ስማችንን ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶግራፍ ከተነሣ አረቄውን ማን ይጠጣዋል? ጠርሙሱ ራሱ ይሰነጠቃል!"

"በረኛ አይጠፋም" አለ ዲሬክተሩ።

በረኛው የቡድኑ አምበል ነው። አባቱ ቆዳ ፋቂ ናቸው፤ አገሩ ቡዳ ብሎ ከማዕዱ ያርቃቸዋል፤ ኳሳችን ሲተረተር ግን የሚሰፉልን እሳቸው ናቸው።

"ልጆቹ እኮ አልተጠየቁም" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

ቄሱ ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ሙሽራ ትጠየቃለች እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የአረቄ ስም በተማሪ ደረት ላይ መለጠፉ ቄሱን አላስጨነቃቸውም። ዲሬክተሩም ሌሎቻችንን ስለ ምግባር ሲያስተምር ነው የሚውለው። ለሁሉም ነውር የሆነባቸው የልጁ ፊት ብቻ ነበር። አምበሉን ከገዛ ቡድኑ አውጥተው እየተመራረቁ ተለያዩ፤ ጆንያውን ለልጆቹ እንዳድል ለእኔ ሰጡኝ።

ልጆቹ ሜዳ ላይ ይለማመዱ ነበር። ጆንያውን ሲያዩ ሮጠው ከበቡኝ።

"እትዬ፣ ተዳራችሁ አሉን! እስኪ ጥሎሹን እንየው!" አለ አጥቂው። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

ጫማና ማልያ ይዘው እየለኩ ሳሉ የወኪሉን ቃል ነገርኳቸው። በረኛው እጁ ላይ የነበረውን ማልያ አጣጥፎ ጆንያው ላይ አኖረው። እኛን አላየንም።

"ደብረ ታቦር የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር" አለ። "አንድ ቀን በረኛ ብቻ ልሆን ነበር።"

ንዴቱ አፌን ከፈተው። "እናንተን የጠየቃችሁ ሰው የለም። እኔ ልጠይቃችሁ። ያለ እሱ ትሄዳላችሁ?"

አጥቂው የሚጫወተው በተቀደደ ሸራ ጫማ ነበር። አዲሱን ጫማ እግሩ ላይ እንዳለ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ አወለቀና ጆንያው ውስጥ ወረወረው።

"ይጠበኛል" አለ። ልኩ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

ሌሎቹም እያወለቁ መለሱ። የግራ ተከላካዩ ብቻ ማልያውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ "አጎቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ እምቢ ብዬ ቤት አልገባም" አለና ሄደ።

"ሂድ! ለብቻህ ተዳር!" ብለው ጮኹበት።

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ጆንያውን ተሸክሜ የዲሬክተሩ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ማልያው ነው። ልጆቹ በእግራቸው እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ይሄዳሉ። በረኛውም አብሯቸው ነው።"

"ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አንቺ ታፈርሻለሽ? ማን ስለሆንሽ?"

"ኃላፊ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ለዩኒቨርሲቲው ስለ አንቺ የምለውን እኔ አውቃለሁ!"

"ይበሉ" አልኩት።

ልጆቹ የየራሳቸውን ሸሚዝ ለብሰው አጥሩ ሥር ይጠብቁኛል፤ የግራ ተከላካዩ አልመጣም። ከመደብሩ በኩል የጭነት መኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማን። "ቶሎ በሉ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል" አልኩና ከፊታቸው ቀድሜ መንገዱን ጀመርኩ።