ያማራትን ትብላ

ልጅ ሳለሁ ሐኪም ከማየቴ በፊት የሐኪም ጋዋን አውቅ ነበር። የእናቴ አባት አባባ እንድሪስ ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ነጭ ጋዋን በብዛት የሚሰፉት እሳቸው ስለነበሩ፣ እጅጌው ያልተገጠመ ወይም ኪሱ ያልተለጠፈ ጋዋን ከቤታችን ግድግዳ ጠፍቶ አያውቅም። አባቴ ሳልወለድ ስለሞተ እኔና እናቴ ዘሀራ የምንኖረው ከእሳቸው ጋር ነበር። አባባ ታዲያ ስለ ሐኪም የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ጋዋኑን እሳቸው ሰፍተው የለባሹ ነገር እንዴት ይሰወራቸው!

የደሴ ብርድ መቼም የታወቀ ነው። ያኔ ከመግሪብ በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ እናቴ ደጅ ያቀጣጠለችውን ከሰል ጭሱ ሳይለቀው ታስገባዋለች፤ እኛም እያሳልን እንከበዋለን። መብራት በጠፋ ጊዜ ፋኖሱ ይበራና እናቴ ከሥሩ ተቀምጣ የጋዋን ቁልፍ ትተክላለች፤ አባባ ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት የጠገቡ ጣቶቻቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው ተረት ይጀምራሉ። ከተረታቸው ሁሉ የምወደው ደጋን ከምትባል ከተማ የመጣውን ነጋዴ ተረት ነበር። ነጋዴው የታመመች ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ ደሴ ያመጣታል። ሐኪሙ ጀርባዋን አንኳኩቶ፣ ዓይኗን ገልጦ ያይና «በል ወደ ቤት ውሰዳት፤ ያማራትን ትብላ» ይለዋል። ነጋዴው ደስ ብሎት፣ ሐኪሙን መርቆ ይመለሳል። ማር አማረኝ ስትለው ማር፣ ብርቱካን አማረኝ ስትለው ኮምቦልቻ ወርዶ ብርቱካን። ለጎረቤቱ ሁሉ የገባው ነገር ለእሱ ብቻ ሳይገባው ይከርማል። አንድ ቀን ዘንቢሉን ሞልቶ ሲመለስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያገኛል።

«ሞቷን ነው እኮ የነገረው!» ይሉ ነበር አባባ ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው። «ሐኪም እንዲህ ነው የሚያረዳው። ልብ ያለው ሰው ይገባዋል።»

እኛም በሞኙ ነጋዴ እንስቃለን። እናቴ ተረቱን በቃሏ ስለምታውቀው ከአባባ ቀድማ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ሰፈራችንም ስለ ሐኪም የሚያስበው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የማይመኝ አባት አላውቅም፤ ሐኪም ፊት ቆሞ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ለማለት የደፈረ ሰውም አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴን ሳል ያዛት። መጀመሪያ በከሰሉ ጭስ፣ ቀጥሎ በብርዱ አሳበብን። ደም ስትተፋ ግን አባባ ራሳቸው ሆስፒታል ወስደው አስተኟት፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ሁለት ሳምንት ተኛች። ሰንበት ስትል ትኩሳቷ ወረደ፤ ፀጉሯን ማበጠር፣ በእኔም መሳቅ ጀመረች።

የምትወጣበት ቀን እኔና አባባ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር፤ እኔ የምሳ ዕቃውን ይዣለሁ። ሐኪሙ አዲስ የተመደበ፣ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው። በሽተኛ ከኋላው ተሰልፎ ስለሚጠብቀው እየተጣደፈ ወጣ።

«አባባ፣ በቃ ወደ ቤት ይውሰዷት» አለ። «ያማራትን ትብላ፣ ምንም አትከልክሏት። ኪኒኑን ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ በየቀኑ እየሄደች ትውሰድ። ይቺን ወረቀት እዚያ ይስጡልኝ።»

አባባ «ያማራትን» ከሚለው ቃል ወዲያ የሰሙ አይመስለኝም። ፊታቸው አመድ መሰለ። አንገታቸውን ደፍተው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ለሞተ ሰው የሚባለውን ቃል ነው ያሉት። ሐኪሙ የመረቁት መስሎት ደረቱ ላይ እጁን አኖረና «አሜን፣ አሜን አባባ» ብሎ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ አለፈ። ሐኪሙ ለሞት ቃል አሜን ካለ ለአባባ ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለጋቸውም። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

በባጃጅ በፒያሳ በኩል ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ መሃላችን ተቀምጣ የናፈቃትን ከተማ በደስታ ታይ ነበር። እኔና አባባ አንዳችን የሌላችንን ፊት ላለማየት እንታገላለን። ቤት እንደደረስን አባባ ለሚሞት ሰው እንደሚደረገው አልጋዋን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞሩት። ጎረቤታችን «ዘሀራ ጤና ጣቢያ አትሄድም ወይ?» ብላ ብትጠይቃቸው «የቀራትን ቀን በዚህ ብርድ አስወጥቼ አላንገላታትም» አሏት። ክፋት አልነበረም። እንደዚያ ነጋዴ ሞኝ ሆነው ላለመገኘት ነበር የሚጥሩት።

በማግስቱ አባባ ወጣ ሲሉ እናቴ ጠራችኝ።

«መዲና፣ አባባ ምን ሆነው ነው ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ? ሐኪሙ ምን አላቸው?»

«ያማራትን ትብላ አለ» አልኳት።

ከትራሷ ቀና አለች። «ሌላስ?»

ኪኒን ማለቱን ሰምቻለሁ። ጤና ጣቢያ ማለቱንም ሰምቻለሁ። ግን እኔ በተረቱ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ተረቱ ላይ ደግሞ ሐኪሙ ሌላ የሚለው ነገር የለም። «ሌላ አላለም» አልኳት።

እናቴ ያንን ተረት እኔ ሳልፈጠር የሰማች ናት። እጇን ፀጉሬ ላይ አኑራ «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ ማሩም መጣ፣ ብርቱካኑም መጣ፣ ጎረቤት የበግ ሾርባ አመጣ። እሷ ምንም አላማራትም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተች።

በሳምንቱ አንዲት ወጣት ነርስ ከጤና ጣቢያው ቤታችንን እየጠየቀች መጣች። «አባባ፣ ዘሀራ እንድሪስ የሚባሉ ታካሚ እዚህ ነው ያሉት? ስማቸው ከሆስፒታል ተልኮልን ቤቱን ሳፈላልግ ከረምኩ። ኪኒናቸውን ለምን አቋረጡ?»

«ሞተች» አሉ አባባ።

ልጅቷ የያዘችውን ካርድ አየች፣ እሳቸውን አየች። «እንዴት? የሚድን በሽታ እኮ ነው! ሐኪሙ ተሽሏቸው ነው ያስወጣቸው።»

አባባ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው ወረቀቱን አወጡት፤ እንደታጠፈ ነበር። ለነርሷ ሰጧትና የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዋን አልሰፉም፤ ተረትም አልነገሩኝም። ማታ ማታ ፍሙ እስኪከስም ከሰሉን ከበን እንቀመጥ ነበር።

አሁን ኮምቦልቻ መምህርት ነኝ። ከሐኪም ክፍል በቀላሉ የማልወጣ ሴት ሆኛለሁ። «ልድን ነው ወይስ ልሞት? በቀጥታ ንገሩኝ» ስል ይስቁብኛል፣ አንዳንዶቹም ይቆጡኛል። ይሳቁ። ያን ወጣት ሐኪም ለብዙ ዓመት ጠላሁት፤ ዛሬ ግን ያሳዝነኛል። የነገረንን ሁሉ በደግነት ነበር የነገረን፤ እኛ ከእሱ ይልቅ የተረቱን ሐኪም ነበር የሰማነው። ምናልባት እስካሁን አንዲት ሴት አድኖ የሸኘ ይመስለው ይሆናል።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ነርሷ ከመጣች በኋላ በነበረው ሰሞን፣ አንድ ምሽት አባባ ከፍሙ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«መዲና፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ስለ ኪኒኑ ሲናገር ሰምተሽ ነበር?»

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

«አዎ፣ አንቺማ ልጅ ነሽ» አሉና ፍሙን አመድ አለበሱት።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖሩ፤ አሥሩንም ዓመት «ልጄን የገደልኳት እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ። እኔም መስማቴን ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አደግሁ። የሞቱ ዕለት ጀናዛቸው ከቤት ሲወጣ እየተጋፋሁ ተጠጋሁ፤ ጀናዛውን በሸፈነው ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብዬ ብነግራቸው ቀለል የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «ሴቶች ወደ ኋላ!» ተባለ፤ እኔም በሩ ላይ ቀረሁ።